አንድ ምድጃ ያለው ጋጣ

የዊንስትሮው ትልቁ ቤት እንዲፈርስ ሲወሰን መንደሩ እምብዛም አልደነገጠም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሰፍረውበት ነበር። እነሱ ከሄዱ ወዲህ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እያበጠ፣ በትልቁ አዳራሽ ጥግ እንጉዳይ እስከ መብቀል ደርሶ ነበር። መንደሩን ያነጋገረው ሌላ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ሚስ ሌቲስ ራክሶል ወደ ከተማ ወይም ወደ ዘመድ በመሄድ ፈንታ ጋጣው ውስጥ ሊኖሩ ነው መባሉ።

«ፈረሶቹ ወጥተው እመቤቲቱ ሊገቡ ነው» አለ አንዱ በመጠጥ ቤቱ።

«ምን ችግር አለው?» አለ ሌላው። «ድሮም ቢሆን ዊንስትሮው ውስጥ ደህና ቤት የነበራቸው ፈረሶቹ ናቸው።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋጣውን ያሠሩት የሚስ ሌቲስ ቅድመ አያት ከሚስታቸው ይልቅ ፈረሶቻቸውን ይወዱ ነበር ይባላል። ለቤታቸው ጡብ ሲበቃቸው፣ ለጋጣው ግን ማር የመሰለ ጥርብ ድንጋይ ከሩቅ አስመጡ። ግቢው አራት ማዕዘን ነው፤ በአራቱም ጎን ሕንፃ ዞሮታል። መግቢያው ሠረገላ እንደ ልቡ የሚያልፍበት ሰፊ ቅስት ሲሆን፣ ከቅስቱ በላይ ሰዓትና የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ የተሸከመች ትንሽ ጉልላት ተቀምጣለች። ወደ ትልቁ ቤት የሚያየው ፊት በሁለት ረድፍ መስኮት አጊጧል። ከመስኮቶቹ ግማሾቹ ግን የውሸት ናቸው። ከበስተኋላቸው ድርቆሽ ይከመር ስለነበር በድንጋይ ተደፍነው፣ መስተዋት እንዲመስሉ ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ የሚያይ እንግዳ፣ ከማዶ የሌላ ባላባት መኖሪያ ያለ ይመስለዋል። ነፋሱ ዞሮ የፈረስ ሽታ እስኪያመጣለት ድረስ።

ያ ሁሉ ግንብ አንድ ነገር ብቻ ተነፍጎታል፤ እሳት። ድርቆሽ ባለበት ቤት እሳት ጠላት ነው። ስለዚህ በጠቅላላው ሕንፃ አንድ ምድጃ ብቻ ተሠራ፤ እሱም በምዕራቡ ማዕዘን፣ በኮርቻ ክፍሉ፣ ዝናብ የመታው ኮርቻና ልጓም እንዳይሻግት ማድረቂያ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ሲወጣ ፎቅ ላይ ባሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች መሃል ያልፋል፤ አልፎም ያሞቃቸዋል። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የሚኖረው ኤሞስ ታፍሊ ነው።

ታፍሊ የዊንስትሮው የመጨረሻው ባልደራስ ነው። ጎፈሬው ሳይሸሽ፣ ጢሙ ሳያቀምቅም የመጣበት ግቢ ውስጥ አርጅቷል። ሚስ ሌቲስን ገና በልጅነታቸው ፈረስ ላይ ያወጣቸው፣ ሲወድቁም ያነሳቸው እሱ ነው። ፈረሶቹ አንድ በአንድ ሲሸጡና ሲሞቱ ባዶ ጋጣዎቹን መጥረጉን አልተወም። አሁን የቀረችው ብራምብል የምትባል አንድ አሮጊት ባዝራ ናት። እሷም ከጋጣዋ ደጅ አንገቷን አውጥታ ከመዋል በቀር ሥራ የላትም።

ሚስ ሌቲስ ውሳኔያቸውን ለታፍሊ የነገሩት እዚያው ባዝራዋ ደጅ ቆመው ነው። እጃቸው ካሮት ይዞ ነበር።

«ብራምብል አትነካም» አሉ። «ምሥራቁ ጎን እንዳለ ለእሷ ይቀራል። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያረጀችን ፈረስ ማን ያፈናቅላል?»

«ደግ አደረጉ፣ ሚስ ሌቲስ።»

«እኔ ወደ ምዕራቡ እገባለሁ። የሠረገላ ቤቱ ሰፊ ነው።»

«ሰፊ ነው፣ ሚስ ሌቲስ።»

«እንግዲህ . . .» አሉና ካሮቱን አገላበጡት። ታፍሊ ጠበቀ። ብራምብልም ጠበቀች። «እንግዲህ ዝናቡ ሊከርም ነው መሰል።»

«ይመስላል።»

ካሮቱን ሰጥተዋት ሄዱ።

እዚያ አገር ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ ስለ አየር ጠባይ ማውራት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ታፍሊና ሚስ ሌቲስ ደግሞ በዚህ ረገድ ከማንም አያንሱም። በየጧቱ ይገናኛሉ፤ ስለ ቦዩ፣ ስለ እርግቦቹ፣ ስለ ብራምብል ጥርስ ይነጋገራሉ። ስለ ታፍሊ ሁለት ክፍሎች ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

ትንፍሽ የምትለው ሚስስ ፔግለር ነበረች። ሚስስ ፔግለር በቀን በቀን ከመንደሩ እየመጣች የምታበስል ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አፏን የሚይዝላት ሰው የለም። ታፍሊ ለምሳ ወደ ትልቁ ቤት ወጥ ቤት ሲገባ ሳህኑን ከፊቱ ዱብ አደረገችለት።

«ለፈረሷ ማደሪያዋ ተነገራት፤ ላንተስ?»

«ለእኔ ምን ይነገረኛል?»

«የት እንደምትተኛ ነዋ! ወይስ ከብራምብል ጋር ድርቆሽ ልትጋራ ነው?»

«ቢሆንስ? ብራምብል ሰው ሲበላ አትነዘንዝም።»

«ጠይቃቸው፣ አንተ ሰውዬ።»

«አይጠየቅም።»

«ለምን አይጠየቅም?»

ታፍሊ ድንቹን ሁለት ቦታ ቆርጦ አሰበበት። «ብጠይቃቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። እሺ ቢሉኝም፣ እሺ ያሉኝ ስለ ጠየቅኋቸው ይሆናል። ያን ደግሞ አልፈልግም።»

«አሃ!» አለች ሚስስ ፔግለር። «ስለዚህ ሳይጠየቁ ያውቁልህ? ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ ያንተ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።»

ታፍሊ ጨው ይቀበል ዘንድ እጁን ዘረጋ።

ግንበኛው ክሩም ሥራውን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ፕላኑን በወረቀት ስሎ ቢያመጣላቸው ሚስ ሌቲስ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ አውልቀውም አዩት፤ ምንም አልገባቸው። «በወረቀት ላይ ያለ ቤት መች ይኖርበታል?» አሉ። «መሬት ላይ ሥራልኝና በእግሬ ልሂድበት።» ስለዚህ ክሩም ጠመኔ ይዞ ተንበረከከና ቤቱን በልኩ ወለሉ ላይ ሣለው። ሠረገላዎች ይቆሙበት የነበረው ወለል ሳሎንና መኝታ ቤት ሆነ። በሮቹ በተሰበረ መስመር፣ መስኮቶቹ በድርብ መስመር ተለዩ። አልጋው የሚቆምበት ሳይቀር ተሣለ።

በዚያ ማታ ታፍሊ ብራምብልን ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ ወደ ኮርቻ ክፍሉ ገባ። ወለሉ ላይ ጠረጴዛ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥን በጠመኔ ተሥለዋል። ምድጃው አጠገብ «ወጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ። ወደ ክፍሎቹ የሚወስደው የእንጨት ደረጃ ሥር ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ይፈርሳል»።

ታፍሊ ቃሉን ላለመርገጥ እግሩን አሳልፎ ደረጃውን ወጣ። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከበስተጀርባው የጭስ ማውጫው ግንብ ገና ለብ ያለ ነበር። በሚስ ሌቲስ አልተቀየመም። ምድጃው አንድ ነው፤ እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ወጥ ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ግማሹን ይበላዋል። ያዘነው ለእሳቸው ነው። ይህን ነገር አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቆመው ሊነግሩት ነው፤ ካሮት እያገላበጡ፤ ቃሉ አልወጣ እያላቸው። ይህን ሥቃይ ሊያስቀርላቸው ቆረጠ።

በማግስቱ ጧት ሚስ ሌቲስ ገና የግቢውን ድንጋይ ሳይረግጡ ቅስቱ ሥር ጠበቃቸው። ቆቡን አውልቆ ነበር።

«ሚስ ሌቲስ፣ ስዊንደን ያለችው የእህቴ ልጅ ዶሪስ አብረኸኝ ኑር ብላኛለች። በጋው ሲገባ ልሄድ አስቤያለሁ።»

ሚስ ሌቲስ የጓንታቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ሳቡ።

«ዶሪስ» አሉ። «እሷ ቀይ ፀጉር ያላት?»

«እሷው።»

«እንዴት ደስ ይላል፣ ታፍሊ። ቤተ ዘመድ መሃል መሆን . . . በጣም ደስ ይላል።»

ያን ጧት ወደ ብራምብል አልሄዱም። መንገድ የጠፋባቸው ይመስል ጥቂት ቆሙና ወደ ትልቁ ቤት ተመለሱ። ታፍሊ ቆቡን አጠለቀ። እፎይ ይላል ብሎ ያሰበው ልቡ እፎይ አላለም።

በጋው ገባ። አፍራሾች ከትልቁ ቤት ላይ ጣሪያውን ገፈፉ፤ መስኮቶቹን ነቀሉ፤ እብነ በረዱን ምድጃ ሁሉ በጭነት መኪና ጫኑ። አቧራው እስከ ጋጣው ድረስ እየመጣ በብራምብል ጀርባ ላይ እንደ ዱቄት ያርፍ ነበር። ታፍሊ ሁለት ሻንጣ ሞልቶ አንዱን መልሶ ፈታው፤ ደግሞ ሞላው። ሚስ ሌቲስ እቃቸውን ወደ ሠረገላ ቤቱ ሲያስገቡ ያግዛቸዋል። «እዚህ ይሁን?» ይላል። «እዚያ ይሻላል፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ። ሌላ ንግግር የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክሩም መዶሻና መጋዝ ተሸክሞ ኮርቻ ክፍሉ ውስጥ አገኘው።

«ነገ ይህን ደረጃ አወርደዋለሁ» አለው ክሩም። «ዛሬ እቃህን ሁሉ አውርድ፤ ኋላ እንደ ድመት በመስኮት እንዳትዘል።»

«የቀረኝ ጥቂት ነው።»

«መቼም የልፋት ልፋት ነው ያለፋችሁኝ። አንዴ ይሣል ይባላል፣ አንዴ ይጥፋ ይባላል።»

«ማነው ይጥፋ ያለው?»

«እሳቸው ናቸዋ! ይህን ጠመኔ የሣልኩ ዕለት ማታ፣ እራት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ብከፍት ሚስ ሌቲስ። በዚያ ዝናብ፣ በእግራቸው። ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ‹ሚስተር ክሩም፣ ያ ደረጃ አይነካም። እዚያ ላይ ሰው ይኖራል። እኔ ሠረገላ ቤቱ ውስጥ በላምባ ምድጃ አበስላለሁ› አሉኝ። በላምባ! ያን አዳራሽ በላምባ ሊያሞቁ! በማግስቱ ላጠፋው ብመጣ ደግሞ ‹ተወው፤ እንዳለ ይሁን፤ ታፍሊ ሊሄድ ነው› አሉ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ያሉኝን እሠራለሁ።»

ታፍሊ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው? አመመህ እንዴ?» አለው ክሩም።

«የለም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይያዝም። ታፍሊ በሕይወቱ ለጌቶቹ ተናግሮ ያጠፈው ቃል አልነበረውም። ደግሞስ ቢያጥፈው ምን ሊያገኝ ነው? እሱ ቀረ ማለት እሳቸው እሳት አጡ ማለት ነው። ሄደ ማለት ደግሞ እሳቸው በዝናብ እስከ ክሩም ቤት የሄዱለትን ነገር ረግጦት ሄደ ማለት ነው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣና በውስጠኛው በር ወደ ሠረገላ ቤቱ አለፈ።

ሚስ ሌቲስ በጠመኔ በተሣለው ሳሎናቸው መሃል አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ገና ያልተቆረጠውን መስኮት ያዩ ነበር። ታፍሊ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ራክሶሎች ሳሎን ገብቶ አያውቅም።

«ግባ፣ ታፍሊ። በሩ በግራህ ነው።»

ታፍሊ ዞሮ በተሰበረው መስመር በኩል ገባ። ሁለቱም አልሣቁም።

«ክሩም ደረጃውን ነገ ያወርደዋል አለኝ» አለ።

«አዎ። አንተ ከሄድክ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

አንዲት እርግብ ከጣሪያው ወራጅ ወደ ሌላው በረረች።

«ስዊንደን ጥሩ ከተማ ነው ይባላል» አሉ ሚስ ሌቲስ።

«ባቡር ይበዛበታል።»

«ዶሪስ በጉጉት እየጠበቀችህ ይሆናል።»

ታፍሊ ቆቡን በእጁ አዞረው። «ዶሪስ ገና አልሰማችም።»

ሚስ ሌቲስ ቀና ብለው አዩት። «ና ብላኛለች አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ውሸቴን ነበር። እርስዎ ውጣ ለማለት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ጠመኔውን አይቼ . . .»

«ጠመኔው እኮ የክሩም ነው!»

«አሁን ነገረኝ። በዝናብ የሄዱትንም ነገረኝ።»

ሚስ ሌቲስ ፊታቸው ቀላ። በወጣትነታቸውም ከፈረስ ሲወድቁ እንዲሁ ይቀላ ነበር። «ያ ሰው አፉን መያዝ አልለመደበትም» አሉ። ከዚያ «እኔ ደግሞ» አሉ፤ «ቤቱ እንዲህ እየበሰበሰ ታፍሊ እስከ መቼ ይታገሰናል እያልኩ ነበር የምኖረው። ቅስቱ ሥር ቆብህን አውልቀህ ሳይህ በቃ ቀኑ ደረሰ አልኩ። መሄድ የፈለገን ሰው ለምኖ ማስቀረት ነውር ነው። እና ዝም አልኩ።»

«እኔም ዝም አልኩ።»

«መሄድ ትፈልጋለህ፣ ታፍሊ?»

ታፍሊ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። መልሱን ፈልጎ የሚያጣው መስሎት ነበር፤ ግን እዚያው ምላሱ ላይ ነበር።

«አልፈልግም፣ ሚስ ሌቲስ።»

«እንግዲያው አለቀ» አሉና ተነሡ። «ደረጃው ይቀራል። የላምባ ምድጃው እዚህ ጥግ ይቆማል።»

«አይሆንም።»

«ምን አልክ?»

«አይሆንም ነው ያልኩት። ጥር ሲገባ እዚህ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ድንጋይ ይሆናል። እዚህ የሚቆሙት ሠረገላዎች ነበሩ፤ ሠረገላ አይበርደውም።»

«ታዲያ ምድጃው አንድ ነው! ወይ አንተ ወይ እኔ።»

«ይምጡ እስቲ።»

ወደ ኮርቻ ክፍሉ ወሰዳቸው። ክሩም አፉን ከፍቶ ጥጉን ያዘ። ታፍሊ ከደረጃው ሥር ተነሥቶ እስከ ምድጃው ተራመደ፤ ከምድጃው እስከ መስኮቱ ተራመደ፤ ከዚያ የተሣለውን ትልቅ ጠረጴዛ በጫማው ሶል አጠፋው።

«ደረጃው ይቆማል፤ ምድጃውም ይቆማል። ማነስ ያለበት ጠረጴዛው ነው። መስኮቱ ሥር ለሁለት ሰው የሚበቃ ይቀመጣል።»

«ለሁለት ሰው» አሉ ሚስ ሌቲስ ቀስ ብለው።

«እሳቱ አንድ ከሆነ ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ደረጃው እኮ የሚወርደው ወጥ ቤቴ መሃል ነው፣ ታፍሊ።»

«አዎ።»

«በየጧቱ ልታልፍ ነው።»

«ብራምብል እስካለች፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።»

«በሌሊት ልብሴ ልገኝ እችላለሁ።»

«ሚስ ሌቲስ፣ ከዓሣ ኩሬው ውስጥ በፀጉርዎ ሣር ተጠምጥሞ፣ አፍዎ ጭቃ ሞልቶ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ። የሌሊት ልብስ ከዚያ አይብስም።»

«ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር!»

«እርግጫዎ የስድስት ዓመት አልነበረም።»

ሚስ ሌቲስ ሣቁ። ሲሥቁ አፋቸውን በጓንታቸው ሸፈኑት፤ አልሸፈን ብሎ አመለጣቸው።

ክሩም ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ሌቲስ፤ እመቤትና ባልደራስ በአንድ ወጥ ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው?» አለች ሚስስ ፔግለር። የሻይ ትሪ ይዛ መቼ እንደ ደረሰች ማንም አላያትም። «በዚህ መንደር ሰው ማለት እኔ ነኝ፤ የማወራው እኔ ነኝ። ንገሩኝ፣ ምን እንደሚባል ልወስን።» ትሪውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችና ታፍሊን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ተናገርክ እንዴ?»

«ተናገርኩ።»

«አልሞትክም?»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

ክሩም መጋዙን በጆንያ ጠቀለለ። ለጨዋነት ሲል ግን ደረጃው ሥር የሳንቃ በር አበጃለሁ አለ። ሚስ ሌቲስም ፈቀዱ። ማን ለማን ማንኳኳት እንዳለበት ግን ሻዩ እስኪያልቅ ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ፤ ወጥ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ደረጃው የእሱ ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ትልቁ ቤት ሙሉ በሙሉ ወርዶ አለቀ። በቦታው ሣር ተዘራ። የጋጣው መስኮቶች፣ እውነተኞቹም የውሸቶቹም፣ ባዶ ሜዳ ያዩ ጀመር። ሚስ ሌቲስ አዲሱ ቤታቸው ውስጥ የመጀመሪያዋን ሌሊት አደሩ።

በማግስቱ ታፍሊ እንደ ልማዱ ተነሣ። ደረጃውን በካልሲ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እንጨቱ እንዳይጮህ ጠርዝ ጠርዙን እየረገጠ ወረደ። ከሳንቃው በር ጀርባ ሲደርስ ቆመ። በሥሩ የእሳት ብርሃን ይታያል። ጣቱን ለማንኳኳት አነሣ፤ መልሶ አወረደው። ጉሮሮውን ጠረገ። ያም ድፍረት መሰለውና ተጸጸተ።

«ታፍሊ» አለ ከወዲያ በኩል የሚስ ሌቲስ ድምፅ፤ «እዚያ ቆመህ ሻይህ ሊቀዘቅዝ ነው።»

በሩን ገፋው። ሚስ ሌቲስ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ግራጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ የእናታቸውን የብር ጌጥ ሰክተዋል። ገና አልነጋም።

ታፍሊም ያን ጧት ከረባት አሥሮ ነበር።

አንዱ የአንዱን አየ። ሚስ ሌቲስ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ቀዱለት፤ እሱም ጫማውን አጠለቀና ወደ እሳቱ የሚቀርበውን ወንበር ለእሳቸው ትቶ ተቀመጠ።